የሂሳብ ትምህርትና የሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ በሮም ከተማ፤ የስደተኛዋ የሐሙስ ሰዓት እንዴት ይቆጠራል?

በሮም ከተማ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አስፈላጊ ባይመስለኝም፣ ለወጣቶቹ ሲባል፣ በጥር ወር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ አደባባይና በዙሪያው ያሉት ጎዳናዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ የሚገናኙባቸው ሥፍራዎች ሆነው ኖረዋል። ሐሙስ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በኢጣልያ የቤት ሠራተኛ ውል መሠረት ከእሑድ ዕረፍት ሌላ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ይሰጣል፤ በሮም ልማድ ያ ግማሽ ቀን ሐሙስ ነው።

በእነዚህ ሴቶች መካከል አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱ ብዙዎች ናቸው። በግሌ ከማውቃቸው ውስጥ አገር ቤት በጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጠው የወባ ተሐዋሲ ሲቆጥሩ የኖሩ፣ ዛሬ ግን አንዲት አሮጊት በቀን ስንት ጊዜ መድኃኒት እንደወሰዱ የሚቆጥሩ አሉ። የአሮጊቷን መድኃኒት መቁጠር የሚያሳፍር ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የተማሩትን ሙያ ለመቀጠል የሚያስችል መንገድ አለ ወይስ የለም? ካለስ የት ላይ ይቋረጣል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በሁለት የትምህርት ዘርፎች፣ ማለትም በሂሳብና በሕክምና ላቦራቶሪ ቴክኖሎጂ በኩል፣ መመርመር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያነሳሁት የኋለኛው በር በፊተኛው ቁልፍ የሚከፈት ስለሆነ ነው።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሌለበት አገር

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ትምህርት ሲያወሩ በመጀመሪያ የሚያነሱት ኮሚኒቲ ኮሌጅን ነው። ይህ ተቋም በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ ተጀምሮ በመላው አሜሪካ የተስፋፋ ነው። በሩ ሰፊ ነው፤ የሚመጣው ሰው ከየትም ይምጣ፣ የሂሳብና የእንግሊዝኛ ችሎታው ተመዝኖ በሚመጥነው ደረጃ ይመደባል። ሂሳብ የረሳ ከክፍልፋይ ይጀምራል፤ ያልረሳ ወደ አልጀብራ ይገባል። ከዚያ በሁለት ዓመት የሕክምና ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ለምሳሌ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ እንዲህ ያለ መርሐ ግብር አለው። ቀን ሠርቶ ማታ መማር እዚያ የተለመደ ነው።

ኢጣልያ ውስጥ ይህን የመሰለ አንድ ወጥ ተቋም የለም። ይሁን እንጂ አዋቂን የማስተማር ልማድ የለም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ላቦራቶሪና የአዋቂዎች ትምህርት ቤት መጀመሪያ የተገናኙት በዚህችው በሮም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የወባን ተሐዋሲ በ1885 «ፕላስሞዲየም» ብለው የሰየሙት ኤቶሬ ማርኪያፋቫና አንጄሎ ቼሊ በሮም የሚሠሩ ሐኪሞች ነበሩ። በ1898 ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ባልደረቦቹ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ የተባለችው ትንኝ መሆኗን ያረጋገጡትም እዚሁ ነው። ቼሊ ግን በማይክሮስኮፑ ብቻ አልተወሰነም። በሮም ዙሪያ በሚገኘው ረግረጋማ መሬት ከተራራው አገር እየወረዱ በጎጆ የሚኖሩት ወቅታዊ ገበሬዎች ኪኒን ተሰጥቷቸው እንኳ ጥቅሙን ካልተረዱ እንደማይውጡት ስላየ፣ ከ1904 ጀምሮ ከባለቤቱ ከአና ፍሬንትዘል፣ ከጸሐፊው ከጆቫኒ ቼናና ከደራሲዋ ከሲቢላ አለራሞ ጋር ሆኖ የማታና የእሑድ ትምህርት ቤቶችን ከፈተ። አስተማሪዎቹ ወደ ገበሬው ጎጆ ይሄዱ ነበር እንጂ ገበሬው ወደ ከተማ እንዲመጣ አይጠብቁም ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ትልቅ እርምጃ የመጣው በ1973 ነው። የብረታ ብረት ሠራተኞች በዚያ ዓመት ባደረጉት ብሔራዊ ውል ደመወዝ ሳይቀነስባቸው የሚማሩባቸውን 150 ሰዓታት አገኙ፤ በዚህም ምክንያት ኮርሶቹ «150ዎቹ ሰዓታት» ተብለው ቀሩ። ውሎ አድሮ የሌላ መስክ ሠራተኞች፣ ሥራ ፈላጊዎችና የቤት እመቤቶችም ገቡባቸው። እንዲህ ያለው መብት የተገኘው ግን በፋብሪካ ውስጥ በማኅበር በተደራጁ ሰዎች ትግል ነው። አንድ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትሠራ፣ እዚያው የምታድር ሴት መብቱን ለማስከበር የሥራ ባልደረባ እንኳ የላትም።

ዛሬ ይህን ሥራ የሚያከናውኑት «ቺፒያ» በሚል አጽሕሮት የሚታወቁት የአዋቂዎች ትምህርት የክፍለ ሀገር ማዕከላት ናቸው። በ2012 በወጣ ደንብ ተቋቁመው ከ1997 ጀምሮ የነበሩትን ቋሚ የአካባቢ ማዕከላት ተክተዋል። ትምህርቱ የመንግሥት ነው። መጀመሪያ የኢጣልያንኛ ቋንቋ ትምህርት አለ፤ ቀጥሎ የመካከለኛ ደረጃ ሰርተፊኬት የሚያሰጠው የ400 ሰዓት ኮርስ፣ ከዚያም የግዴታ ትምህርትን መሠረታዊ ችሎታዎች የሚያስጨብጠው የ825 ሰዓት ኮርስ ይከተላል። በሁለቱም ውስጥ ሂሳብ ከአራቱ ዋና ዘርፎች አንዱ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የሚሰጡት የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች የማታ ክፍሎች ሲሆኑ፣ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ውስጥ ከ2010 ወዲህ «የጤና ባዮቴክኖሎጂ» የሚባል፣ ለእኛ ጉዳይ በጣም የሚቀርብ ዘርፍ አለ።

የሙያው ሕግ

የሕክምና ላቦራቶሪ ሠራተኛ በኢጣልያ ሕግ ረዘም ያለ ስም አለው፤ «ቴክኒኮ ሳኒታሪዮ ዲ ላቦራቶርዮ ቢዮሜዲኮ»። ቀደም ባለው ጊዜ ሙያው ሆስፒታሎችና ክልሎች በሚያስተዳድሯቸው ትምህርት ቤቶች ይሰጥ ነበር፤ ለአሜሪካው ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚቀርብ ነገር ነበረ ማለት ይቻላል። በ1992 የወጣው የጤና አገልግሎት ሕግ ሥልጠናውን ወደ ዩኒቨርሲቲ አዛወረው፤ በመስከረም 1994 የሙያው ዝርዝር መግለጫ ወጣ፤ ዛሬ የሚጠየቀው የሦስት ዓመት ዲግሪ ነው። በ1999 በወጣው ሕግ መሠረት የሚቀበሉት ተማሪ ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ የመግቢያ ፈተና አለ፤ ፈተናውም ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሂሳብና አመክንዮ ይጠይቃል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ በሙያ መዝገብ ያልተመዘገበ ሰው በሙያው ሊሠራ አይችልም።

ለውጡ ለሙያው ክብር እንደሰጠ አልክድም። ሆኖም በሁለት ዓመት ትምህርት ይደረስበት የነበረው ደረጃ ወደ ላይ ተነሣና፣ በመካከሉ የነበረው መሰላል ተወሰደ። በቴክኒክ ሙያ ከፍተኛ ሥልጠና የሚሰጡት፣ በ2022 በወጣው ሕግ «አካዳሚ» የተባሉት ተቋማት ክፍተቱን ይሞላሉ እንዳይባል፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት በሕግ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚጠይቅ የጤና ሙያ ስለሆነ በእነርሱ በኩል አይገኝም።

ስለ ኮማና ስለ ነጥብ

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐሙስ ክፍሌ ከነበሩት ሴቶች አንዷ፣ አገር ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት የጨረሰች፣ ከአንድ የአዋቂዎች ትምህርት ቤት የምደባ ፈተና ተመልሳ «ጋሼ፣ ሂሳብ አታውቂም ተባልኩ» አለችኝ። ወረቀቷን አየሁት። አራት ሺህ አምስት መቶን 4,500 ብላ ጽፋለች። በኢጣልያ አጻጻፍ ይህ አራት ተኩል ነው። በኢጣልያ የአሥርዮሽ ምልክቱ ኮማ ነው፤ ነጥቡ ደግሞ ሺህን ይለያል። እኛ በእንግሊዝኛ የተማርነው ግን በተቃራኒው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ስህተትም እንዲሁ ነበር፤ የማካፈል ምልክቱ ሁለት ነጥብ መሆኑን ስላላወቀች ንጥጥር መስሏት አልፋዋለች። በጥቁር ሰሌዳ የረጅም ማካፈል ስትሠራም አካፋዩን በግራ በኩል ማስቀመጧ እንደ አለማወቅ ተቆጠረባት፤ ኢጣልያኖች በቀኝ ያስቀምጡታል። ሳይንን «ሴኖ»፣ ታንጀንትን «ታንጄንቴ» ብለው አሳጥረው የሚጽፉበትም መንገድ ከእኛ ይለያል። ይህች ሴት ሂሳብ ታውቃለች፤ ያልተማረችው የጽሕፈቱን ልማድ ነው። ልማዱን በሦስት ሐሙስ ተማረችው።

በላቦራቶሪ ውስጥ ግን የኮማ ጉዳይ የልማድ ብቻ አይደለም። 1,250 ሚሊሊትር የሚል ጽሑፍ ለአንዱ አንድ ከሩብ፣ ለሌላው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፤ ልዩነቱ የአንድ ሺህ እጥፍ ነው። እንዲሁም 4.500 ተብሎ የተጻፈ የነጭ የደም ሴል ቁጥር በማይክሮሊትር አራት ሺህ አምስት መቶ እንጂ አራት ተኩል አይደለም።

ለመሆኑ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ምን ያህል ሂሳብ ያስፈልገዋል? ካልኩለስ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ንጥጥርና ወደር፣ መቶኛ፣ የአሥርና የሁለት እርከኖች፣ ሎጋሪዝም፣ ቀጥታ መስመር በግራፍ ላይ፣ አማካይና ከአማካይ የመራቅ መጠን ነው። ነገር ግን እነዚህን እንደ ዳዊት ደጋሚ ሳያመነታ ማወቅ ይኖርበታል። በጥቂት ምሳሌዎች ላሳይ።

ማቅጠንን እንውሰድ። «አንድ ለአሥር አቅጥን» ሲባል አንድ እጅ ሴረም ከዘጠኝ እጅ ፈሳሽ ጋር ተደምሮ አሥር ይሆናል ማለት ነው፤ ከአሥር እጅ ጋር የቀላቀለ ሰው አንድ ለአሥራ አንድ አቀጠነ። አገር ቤት የታይፎይድ ምርመራ ሲደረግ «ዊዳል» የሚባለውን የማያውቅ ጥቂት ነው። ውጤቱ 1:20፣ 1:40፣ 1:80፣ 1:160 እየተባለ የሚጻፈው ሴረሙ በየእርከኑ በእጥፍ እየቀጠነ ስለሚሄድ ነው፤ ይኸውም የሁለት እርከን ነው። ለዓመታት 1:160 ሲጽፉ የኖሩ ሴቶች ይህ ቁጥር በሰሌዳ ላይ ሀያ ሲባዛ በሁለት ሦስተኛ እርከን ሆኖ ሲያዩት የሚሰማቸውን ደስታ አስተማሪ ካልሆነ ሰው አይረዳውም።

የደም ሴል መቁጠሪያ መስታወትም እንዲሁ ነው። በኖይባወር መስታወት ላይ አንዱ ትልቅ ካሬ ስፋቱ አንድ ካሬ ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ስለሆነ የሚይዘው የማይክሮሊትርን አንድ አሥረኛ ነው። ደሙ አንድ ለሀያ ቀጥኖ በአራቱ የማዕዘን ካሬዎች 120 ነጭ ሴሎች ቢቆጠሩ፣ 120 በ20 ተባዝቶ ለአራት አሥረኛ ይካፈላል፤ ውጤቱ በማይክሮሊትር 6000 ነው። ብዙዎቹ ቴክኒሺያኖች «በሃምሳ አባዛ» የሚለውን ብቻ በቃል ይዘዋል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ማቅጠኑ አንድ ለአሥር የሆነ ቀን ሃምሳው ሀያ አምስት መሆኑን የማያውቅ ሰው የበሽተኛውን ቁጥር በእጥፍ ይጨምራል።

የወባ ቆጠራ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ ነው። በወፍራም የደም ቅብ ላይ 200 ነጭ የደም ሴሎች እስኪቆጠሩ ድረስ የታዩት ተሐዋስያን ይቆጠሩና በ8000 ተባዝተው ለ200 ይካፈላሉ፤ 150 ተሐዋስያን ቢቆጠሩ 6000 ይሆናል ማለት ነው። 8000 ከየት መጣ? የማንኛውም ሰው ነጭ ሴል በማይክሮሊትር 8000 ነው ተብሎ ስለተገመተ ነው። ግምቱ ለሁሉም እንደማይሠራ የታወቀ ነው። በብዙ አፍሪካውያንና በየመን አይሁዳውያን ዘንድ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ ሴሎች ያለ አንዳች ሕመም ዝቅ ብለው ይገኛሉ፤ ነገሩም በቀይ ሴል ላይ ከሚገኘው «ዱፊ» ከተባለው የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ መሆኑ ታውቋል። አንዲት የማውቃት ሴት በዚህች ከተማ በአንድ ላቦራቶሪ ነጭ ሴሏ አነሰ ተብላ ለወራት ስትመላለስ፣ የደም ካንሰር ይሆን እያለች እንቅልፍ ካጣች በኋላ፣ በመጨረሻ ጤነኛ ነሽ ተብላለች። «ጤነኛ ወሰን» የሚባለው ከብዙ ጤነኞች ልኬት ተነሥቶ ዘጠና አምስት በመቶውን እንዲይዝ የተሰመረ የስታቲስቲክስ መስመር ነው፤ እነማን ተለክተው እንደተሰመረ መጠየቅም የቴክኒሺያኑ ድርሻ ነው። ከእኛ ወገን የሆነ ቴክኒሺያን በዚያ ክፍል ቢኖር ጥያቄው ቶሎ ይነሣ ነበር የሚል እምነት አለኝ።

የጥራት ቁጥጥርም አለ። በ1950 ሌቪና ጄኒንግስ የተባሉ አሜሪካውያን ከፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ወስደው ወደ ላቦራቶሪ ያመጡት ሰንጠረዥ ዛሬም በየላቦራቶሪው ይሠራበታል፤ ዌስትጋርድ በ1981 ያወጣቸው ደንቦችም በእርሱ ላይ የቆሙ ናቸው። የመቆጣጠሪያው ናሙና አማካይ 100፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 2 ቢሆን፣ ከ96 እስከ 104 ባለው ውስጥ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ያህል ይወድቃል። እንግዲህ ምንም ሳይበላሽ ከሀያ አንድ ቀን ያህል ውጤቱ ከወሰኑ ይወጣል ማለት ነው። 105 ሲመጣ መሣሪያውን የሚዘጋና የማይዘጋ ቴክኒሺያን የሚለዩት ይህን በማወቃቸው ነው። ዛሬ መሣሪያው ራሱ ይቆጥራል፣ ራሱ ያባዛል የሚል ክርክር ይነሣል። ይሁን እንጂ ማሽኑ ቁጥር ይሰጣል እንጂ ስለ ቁጥሩ ኃላፊነት አይወስድም።

ሦስት መንገዶች

ከላይ የተዘረዘረው ለስደተኛው ወገን በሦስት መልክ ይመጣል።

አሥራ ሁለት ዓመት የተማረች ሴት ወረቀቷ ተረጋግጦ «ዲኪያራሲዮኔ ዲ ቫሎሬ» የተባለውን የምስክር ወረቀት ከኢጣልያ ቆንስላ ካገኘች ወይም ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው ሌላ ማረጋገጫ ካላት፣ በቀጥታ ለመግቢያው ፈተና ልትቀርብ ትችላለች። በሕጋዊ የሥራ፣ የቤተሰብ ወይም የጥገኝነት ፈቃድ የምትኖር ከሆነ በ1998ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት ከኢጣልያውያን ጋር በእኩል ትወዳደራለች፤ ይህን የማያውቁ ብዙዎች ናቸው።

በኋለኛው የትምህርት ሥርዓት አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ «አሥር ሲደመር ሦስት» በሚባለው መንገድ በላቦራቶሪ የሠለጠነች ሴት ግን ችግር ይገጥማታል። ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀው የአሥራ ሁለት ዓመት አጠቃላይ ትምህርት ነው። ሦስቱ የሙያ ዓመታት ክፍተቱን ይሞላሉ ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው አማራጭ የማታው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። በእኔ ግምት ከሁሉ የበለጠ በደል የሚደርስበት ይህ ክፍል ነው፤ በሙያው ከሌሎቹ የበለጠ የሠራ፣ በወረቀት ግን ከሁሉ ያነሰ።

ሦስተኛዋ ሙሉ የላቦራቶሪ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ያላት ናት። እርሷ የምታመለክተው ለጤና ሚኒስቴር ነው። ሚኒስቴሩ የተማረችውን ከኢጣልያው ጋር አነጻጽሮ ይቀበላል፣ ወይም የማሟያ ፈተና ወይም የተግባር ልምምድ ያዛል። ለዚህ ደግሞ የዲፕሎማው ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱ ትምህርት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ ከዚያም ስንቱ በተግባር እንደሆነ የሚገልጽ ዝርዝር ያስፈልጋል። ከአገር የሚወጣ የጤና ባለሙያ ይህን ዝርዝር ማኅተም አስመትቶ ቢይዝ ኋላ ከዓመታት ደጅ ጥናት ይድናል። ወረቀቱን በሊቢያ በረሃ ወይም በባሕር ላይ ላጣ ሰው ኢጣልያ በ2002 ያጸደቀችው የሊዝቦን ስምምነት ያለ ሰነድ ችሎታው የሚመዘንበት ሥርዓት እንዲኖር ያዛል። በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲበረታ መንግሥት በውጭ አገር የተማሩ የጤና ባለሙያዎች ያለ መደበኛው ዕውቅና በጊዜያዊነት እንዲሠሩ በአዋጅ መፍቀዱም ይታወሳል። ትናንት አይቻልም የተባለው በአንድ ሌሊት ተቻለ።

የሐሙስ ሰዓት

አሁን ወደ ቼሊ ነጥብ ልመለስ። አንዲት በአሠሪዋ ቤት የምታድር ሴት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ለትምህርት ብታገኝ፣ የ400 ሰዓቱን ኮርስ ለመጨረስ 160 ሐሙሶች ያስፈልጓታል። የትምህርት ዓመቱ 33 ሳምንት ቢሆን አምስት ዓመት ያህል ነው። የ825 ሰዓቱ 330 ሐሙሶችን፣ ማለትም አሥር ዓመትን ይፈልጋል። በዚህ ስሌት ገና ዩኒቨርሲቲው በር ሳትደርስ አሥራ አምስት ዓመት ያልፋል።

ደንቡ ራሱ ግን መውጫ አለው። ማዕከሉ ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር የግል የትምህርት ውል ይፈራረማል፤ ቀድሞ የሚያውቀው ተመዝኖ ሰዓቱ ይቀነስለታል፤ ከሰዓቱም እስከ ሀያ በመቶ የሚሆነውን በርቀት እንዲማር ይፈቀዳል። እንግዲህ ሚዛኑ ላይ ስትወጣ በኮማ ምክንያት ሂሳብ አታውቂም የተባለችው ሴት ያጣችው በመቶ የሚቆጠር ሰዓት፣ ማለትም የበርካታ ዓመታት ሐሙሶችን ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን በየዓመቱ ለበዓል አዳራሽ ከሚከራይበት ገንዘብ በጥቂቱ ቀንሶ፣ ቴርሚኒ አቅራቢያ አንድ ክፍል ለሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢከራይ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። ከምደባው ፈተና በፊት አሥራ ሁለት ሐሙሶች ይበቃሉ። ሦስቱ ለአጻጻፍ ልማድ፣ አራቱ ለንጥጥርና ለማቅጠን፣ ሁለቱ ለእርከንና ለሎጋሪዝም፣ ሦስቱ ለግራፍና ለአማካይ። በየሳምንቱ አንድ ገጽ የኢጣልያንኛና የአማርኛ የሂሳብ ቃላት ዝርዝር ይሰጣል፤ የእኔው ዝርዝር ወደ ሁለት መቶ ቃላት ደርሷል፤ ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነው። አስተማሪ አይታጣም፤ በዚህች ከተማ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ልጆቻችን አሉ፤ ከእናቶቻቸው ጋር ሐሙስን ቢካፈሉ ምን አለበት። ከእሑድ ይልቅ ሐሙስን የመረጥኩት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስላለ ነው፤ ሰዓቱም ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ቢሆን፣ ራቅ ባለ ሠፈር የሚሠሩት በአውቶቡስ ተመልሰው ለራት ሥራቸው ይደርሳሉ።